የአደራ ልጆች፦ የጉዲፈቻ ታሪክ ከሐረር ጀጎል እስከ ችሎት

የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ ሐረር ላይ ከአዋጅም ከፍርድ ቤትም በፊት የነበረ ነው። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማዋን ጀጎል በሚባለው ግንብ ባሳጠሩበት ዘመን፣ ሐረር በጦርነት ደክማለች፣ ረሃብና ወረርሽኝም ተፈራርቀውባታል። እንዲህ ባለ ጊዜ የቲም፣ ማለትም ወላጅ ያጣ ልጅ፣ ይበዛል። የቲሙን የሚያነሣው ደግሞ አጎት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ነበር። የሐረር ሰው ይህን ሲያደርግ የሚመራው በሃይማኖቱ ሕግ ነው፤ ሕጉም አንድ ነገር አጥብቆ ያዛል፦ ልጁን አሳድገው፣ የአባቱን ስም ግን አትውሰድበት።

የእስልምና ሕግ ማሳደጉን ይወዳል፤ ትውልዱን መቀየሩን ግን ይከለክላል። ነቢዩ መሐመድ ራሳቸው የቲም ሆነው መጀመሪያ በአያታቸው፣ ኋላም በአጎታቸው በአቡ ጧሊብ እጅ ነው ያደጉት። እሳቸውም በተራቸው ዘይድን እንደ ልጅ ይዘው ነበር፤ ኋላ ግን ዘይድ በወላጅ አባቱ በሓሪሳ ስም እንዲጠራ ሆነ። ከፋላ የሚባለው ሥርዓት የቆመው በዚህ ላይ ነው። አሳዳጊው ልጁን ያበላል፣ ያለብሳል፣ ያስተምራል፣ ይድራል። ልጁ የወላጁን ስም እንደያዘ ይኖራል፤ ከወላጁ የወረሰው ንብረት ካለም ለብቻው ተጠብቆ ይቆየዋል። አሳዳጊው ከራሱ ሀብት ሊያወርሰው ከፈለገ እስከ ሲሶ ድረስ መናዘዝ ይችላል። ዘመድ የሌለው የቲም ደግሞ ጠባቂው ቃዲው ነው።

ሐረሮች የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ ሌላም በር ይከፍታል። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አሳዳጊዋ እናት አምስት ጊዜ በሚገባ ካጠባችው የጡት ልጇ ይሆናል። ከልጆቿ ጋር እንደ ወንድምና እህት ስለሚቆጠር አይጋቡም፤ ካደገ በኋላም እቤት ውስጥ እንደ ባዳ አይታይም። የውርስ መብት ግን በጡት አይመጣም። በዚህ መንገድ ያደገ የሐረር ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል፣ ማን እንዳሳደገውም ያውቃል። የሠርጉንና የለቅሶውን ሸክም የሚጋራው አፎቻም ሁለቱንም ያውቃል።

ከግንቡ ውጭ፣ በዙሪያው ባለው የኦሮሞ ገጠር፣ ጉዲፈቻ ነበር፤ ዛሬ ሕጉ የሚጠቀምበት ስምም ከዚያ የመጣ ነው። ጉዲፈቻ በድብቅ አይፈጸምም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጎሣ ይሰማል፣ ይመረቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ ከወለዱት ልጆች እኩል ነው፣ ይወርሳልም። ልጅ ያጣ ብቻ ሳይሆን ልጅ ያለውም ጉዲፈቻ ይወስዳል። ወላጆቹ በሕይወት ካሉ ልጁ ይጠይቃቸዋል፤ እነሱም በአሳዳጊዎቹ ዘንድ እንደ ዘመድ ይገባሉ ይወጣሉ።

ሐረር ገና በአሚሮቿ እጅ ሳለች፣ ወደ ሰሜን ርቃ ባለችው መቅደላ ላይ ሁለት ልጆች ሌላ ዓይነት አስተዳደግ ገጠማቸው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ተመለሰ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ። ልጁ በእንግሊዝ አገር ከአንድ አሳዳጊ ወደ ሌላው፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም ዊንድዘር ነው። ሁለተኛው ገና የሦስት ዓመት ገደማ የነበረው ወርቅነህ እሸቴ ነው። ከዘመዶቹ የተለየውን ይህን ሕፃን አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰደው። እዚያም በአሳዳጊዎቹ ስም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ። የወርቅነህን ነገር ኋላ ሐረርጌ ላይ እናገኘዋለን።

በዚያው ዘመን ልጆች በሐረር መንገድ ላይ በሌላ ምክንያትም ያልፉ ነበር። ከተማዋ ወደ ዘይላና ወደ ታጁራ የሚወርደው የንግድ መስመር ራስ ነበረችና ከቡናውና ከቆዳው ጋር በባርነት የተያዙ ሰዎችም ይሸጡባት ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ግብፆች ሐረርን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሲገዙ የካፑቺን ካቶሊክ ሚሲዮናውያን በሞንሲኞር ቶሪን ካኛኝ መሪነት ገቡ። ሚሲዮኑ ከባርነት የተዋጁና ወላጅ ያጡ ልጆችን እየሰበሰበ ያስተምር ነበር። ለአካባቢው ይህ አዲስ ነገር ነበር፤ ልጁን የሚያሳድገው ቤተሰብ ሳይሆን ተቋም ሆነ። ልጁ ከሞት ወይም ከሽያጭ ይድናል፤ ቋንቋውና ሃይማኖቱ ግን የተቋሙ ይሆናል። ይህ ትርፍና ኪሳራ ከዚያ በኋላ በተከፈቱት የሕፃናት ማሳደጊያዎችም ሁሉ አብሮ ዘልቋል።

በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፤ ራስ መኮንንም ገዢ ሆኑ። ከሸዋ የመጣው ወታደርና ካህን የራሱን ልማድ ይዞ ነው የሠፈረው። የጡት ልጅ በዚያ ወገን ሌላ መልክ አለው። ሊያሳድግ የወሰነው ሰው በምስክሮች ፊት አውራ ጣቱን ማር ያስነካና በልጁ አፍ ያደርገዋል፤ ልጁ ይጠባዋል። አሳዳጊው በዚያች ቅጽበት የጡት አባት ሆኗል፤ የገባውን ቃል ቢያፈርስ በምስክሮቹ ፊት ያፍራል። እንግዲህ ሐረር ላይ ሦስት ልማዶች ጎን ለጎን መኖር ጀመሩ፦ በግንቡ ውስጥ ከፋላ፣ በገጠሩ ጉዲፈቻ፣ በሠፈረው ጦር ዘንድ የጡት ልጅ። በሃይማኖትና በሥርዓት ይለያያሉ። ሦስቱም ግን ያለ ምስክር አይፈጸሙም፤ ሦስቱም የልጁን መነሻ አይሰርዙም።

በገዢው ቤት የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር አቅራቢያ በምትገኘው ኤጀርሳ ጎሮ ተፈሪ መኮንን ተወለደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ መጋቢት 1886 ዓ.ም.፣ እናቱ ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ ሞቱ። ራስ መኮንን በዘመቻና በመንግሥት ጉዳይ ከቤት የሚርቁ ሰው ስለነበሩ ልጁ ያደገው በዘመድ እጅ ነው። የፊታውራሪ ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ልጅ፣ በኋላ ልዑል ራስ የተባሉት እምሩ፣ ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ እየበሉ፣ አንድ መምህር ፊት እየተቀመጡ አደጉ። ከካፑቺን ሚሲዮን ሞንሲኞር አንድሬ ዣሩሶ ትምህርቱን ይከታተሉ ነበር። ፈረንሳይኛውንና ብዙ ሌላ ዕውቀት ያስተማሩት ደግሞ የሚሲዮኑ ፍሬ የሆኑት ኢትዮጵያዊው አባ ሳሙኤል ናቸው።

ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመሙ። ወደ ቁልቢ ተመልሰው መጋቢት 13 ቀን ዐረፉ። ከመሞታቸው በፊት ለአፄ ምኒልክ በጻፉት ደብዳቤ ልጃቸውን አደራ ብለው ነበር። ራሳቸውም በ14 ዓመታቸው አባታቸው ለምኒልክ ቤት የሰጧቸው ልጅ ነበሩና በአደራ ማደግ ምን እንደሆነ ያውቁታል። የ13 ዓመቱ ደጃዝማች ተፈሪ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደ፤ በምኒልክ ትምህርት ቤትም ገባ። ማንም ግን የምኒልክ ልጅ አላለውም፤ ተፈሪ መኮንን እንደተባለ ቀረ። የአባቱ ስምና የአባቱ አገር ሐረር እንደተጠበቁለት ቆይተው፣ በ1902 ዓ.ም. ራሱ የሐረር ገዢ ሆኖ ተመለሰ።

በ1907 ዓ.ም. ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ተፈሪና አባ ሳሙኤል የተሳፈሩባት ጀልባ ውሃ ገባባት። ተፈሪ ከሞት ተረፉ፤ አባ ሳሙኤል ግን ሰጠሙ። እናት ሳያውቅ ላደገ ልጅ አስተማሪው ምን ያህል ወላጅ እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም። ተፈሪ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው አባ ሳሙኤልን በፍቅርና በአክብሮት አንሥተዋቸዋል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ይኸው በአደራ ያደገ ሰው በተራው አደራ ተቀበለ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመን ገዳም ከቱርክ ፍጅት የተረፉ ወላጅ አልባ ወጣቶች የሙዚቃ ጓድ አቋቁመው አገኙ። ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው 40ዎቹን ወሰዷቸው፤ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። እኛም ዘንድ እስከ ዛሬ "አርባ ልጆች" ይባላሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሱት ናቸው። ልጆቹ ደመወዝና ማደሪያ ተሰጣቸው። የአርመን ስማቸውን፣ ቋንቋቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን እንደያዙም ኖሩ። ኢትዮጵያ የሌላ ሕዝብ ልጆችን ስታሳድግ ያሳየችው ምግባር ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የራሷን ልጆች ለሌሎች ስትሰጥ ግን ይህንኑ መልሳ ማግኘት ነበረባት።

የወርቅነህ ነገር የሚደመደመው በዚህ ዘመን ነው። ህንድ ውስጥ ሕክምና ተምሮ በርማ ሲሠራ የቆየው ዶክተር ማርቲን በ1890ዎቹ መጀመሪያ አገሩ ገባ። አያቱ በሕይወት ነበሩና በሰውነቱ ላይ በቀረ ጠባሳ ለዩት። ያኔ ሐኪም ወርቅነህ ተባለ፤ የተበተነ ዘመዱን ሰበሰበ፤ አማርኛን እንደገና ተማረ። በ1922 ዓ.ም. በሐረርጌ የጨርጨር አውራጃ ገዢ ሆነው አሰበ ተፈሪ ተቀመጡ፤ መንገድ አሠሩ፣ ግብርን ሥርዓት አስያዙ። ባዕዳን አሳድገው ሐኪም አድርገዋቸዋል፤ ለዚህ ውለታቸው አይካድም። ሆኖም ማንነታቸውን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ያ ጠባሳ ባይኖር፣ አያትየውም ባይቆዩ ኖሮ ወርቅነህ እሸቴ የሚባል ሰው ቻርልስ ማርቲን እንደሆነ ይቀር ነበር።

ልማድ ብቻ የነበረው ነገር በ1952 ዓ.ም. ሕግ ሆነ። በፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመስከረም 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ጉዲፈቻ በጽሑፍ ውልና በፍርድ ቤት ማጽደቅ የሚመሠረት ዝምድና ተደረገ። ከዚያ በፊት በ1936 ዓ.ም. የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች በአዋጅ ታውቀው ስለነበር፣ የሐረር ሙስሊም ቤተሰብ የቲምን የሚመለከት ጉዳዩን በሸሪዓ ማስፈጸሙን ቀጠለ። ገጠሩም በሽማግሌው እንደተዳደረ ቆየ። በወረቀት አንድ ሕግ ቢኖርም ሰዉ የሚሄደው በሚያውቀው በር ነበር። ጣጣው የሚመጣው አሳዳጊው ሲሞት ነው። ወረቀት ያልተጻፈለት ልጅ ስንት ዓመት አባቴ ሲል ከኖረበት ቤት በወራሾች ሊባረር ይችላል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ መከራው ከዘመድና ከጎረቤት አቅም በላይ ሆነ። የ1965 እና የ1966 ድርቅ ወሎንና ትግራይን ሲመታ የኤስኦኤስ የሕፃናት መንደር በመቐለ ሥራ ጀመረ፤ ኋላም በሐረር መንደር ከፈተ። የመንደሩ አሠራር ከቀድሞው የሕፃናት ማሳደጊያ የተለየ ነው። ልጆች በአንድ ትልቅ አዳራሽ አይተኙም፤ በየቤቱ አንዲት እናት ከጥቂት ልጆች ጋር ትኖራለች፣ ወንድምና እህትም አይለያዩም።

በ1969 የሶማሊያ ጦር ሐረርጌ ገባ። መስከረም 1970 ላይ ጅጅጋ ተያዘች፤ ሐረርም ለወራት በጦርነት ቀለበት ውስጥ ቆየች። የሶማሊያ ጦር ሲመለስ የወታደሩም የሚሊሻውም የገበሬውም ልጅ አባት አልባ ሆኖ ቀረ። መንግሥት ለእነዚህ ልጆች አላጌ ላይ የሕፃናት አምባን አቋቋመ፤ ከ2,000 የሚበልጡትን ደግሞ ኩባ ወደምትገኘው የወጣቶች ደሴት ልኮ አስተማረ። ከእነዚህ መካከል ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የወጡ አሉ። ይሁንና የኩባዎቹ ልጆች ለዓመታት የእናታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ነው ያደጉት።

ትልቁ ነገር የመጣው ግን ከአንዲት ሴት ነው። በ1972 ዓ.ም. ወይዘሮ አበበች ጎበና ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በወሎ ረሃብ ያዩት ነገር ልባቸውን ሰበረው። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ቤታቸው ገቡ። ሌሎችም ተከተሉ፤ በዚያው ዓመት ልጆቹ ከሃያ በለጡ። ትዳራቸው በዚህ ምክንያት ፈረሰ፤ ልጆቹን ግን አልተዉም። ከዚያ ጅምር የወጣው ድርጅት እሳቸው በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስኪያልፉ ድረስ ብዙ ሺህ ልጆችን ደርሷል። ሰው "የአፍሪካ ማዘር ቴሬሳ" ይላቸዋል፤ ልጆቻቸው ግን እዳዬ ነው የሚሏቸው። እሳቸው ያስተማሩት ነገር ግልጽ ነው። ችግሩ አገር አቀፍ ቢሆንም መፍትሔው የሚጀምረው አንድ ቤት ሲከፈት ነው።

የውጭ ጉዲፈቻም በዚያው ዘመን ጀምሮ ነበር። በዓለም የታወቀው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ካሣሁን ተብሎ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከሞተች በኋላ ከእህቱ ጋር በአንድ የስዊድን ቤተሰብ አደገ። ቤተሰቡ በፍቅር አሳድጎታል። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ግን አባቱ በሕይወት እንዳለ ታወቀ። ወላጅ አልባ የተባለው ልጅ አባት ነበረው። ይህ ታሪክ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ላይ ተደገመ።

የሕጉ ማዕቀፍ በዚህ መሀል ጠነከረ። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ተቀበለች፤ የኮንቬንሽኑ 20ኛ አንቀጽ ከጉዲፈቻ ጎን ከፋላን በስም ጠቅሶታል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲያገኙ አዘዘ፤ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን መንገድ የሚያመቻቹ ተቋማትንም መንግሥት እንዲያበረታታ ደነገገ። በአንቀጽ 34 ደግሞ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ፈቀደ። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 213፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ወጣ። የሐረሪ ክልልም ኋላ የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ።

የ1992ቱ ሕግ የአሮጌውን አደራ መንፈስ ጠብቋል። ከአንቀጽ 180 ጀምሮ እንደሚለው ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ልጁ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። የጉዲፈቻ ልጅ ለሁሉም ነገር እንደ ወለዱት ልጅ ይቆጠራል። በአንቀጽ 183 ደግሞ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የግድ ሲሆን የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል። ጉዲፈቻ አይሻርም፤ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ወይም ባርነትን በሚመስል ሁኔታ ከያዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ጸያፍ ሥራ ካሠራው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በእጅጉ በሚጎዳ መንገድ ካሳደገው ግን ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል። ባሪያ የሚለው ቃል እዚያ አንቀጽ ውስጥ ያለ ምክንያት አልገባም። በሐረርና በዘይላ መንገድ ያለፉትን ልጆች ታሪክ የሚያውቅ አገር ነው የጻፈው፤ ዛሬም "አሳድጋለሁ" ተብላ ከገጠር መጥታ ውሃ ስትቀዳ፣ ሕፃን ስታዝል፣ ትምህርት ቤት ደጅ ሳትደርስ የምታድግ ልጅ አለችና።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የውጭ ጉዲፈቻ ጎርፍ ሆነ። ኤችአይቪ ብዙ ወላጅ ገድሎ ነበር፤ ድህነቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተዋናይቷ አንጀሊና ጆሊ ከኢትዮጵያ ልጅ ስትወስድ የዓለም ዓይን እዚህ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካውያን ብቻ ከኢትዮጵያ ከ2,500 በላይ ልጆች ወሰዱ፤ በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ እገዳው ድረስ ወደ አሜሪካ የሄዱት ከ15,000 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ጥሩ ቤት ገብተዋል፤ የሚወዷቸውም አሳዳጊዎች አሉ።

ነገር ግን ገንዘቡ ሲበዛ ደላላ ገባ። እናት በሕይወት እያለች ልጇ ወላጅ አልባ ተብሎ በሰነድ ተመዘገበ። "ተምሮ ይመለስልሻል" ተብላ የፈረመች እናት፣ የፈረመችው ልጇን ለዘላለም ስለመስጠት መሆኑን የተረዳችው ዘግይታ ነው። ሁለት ሕግና ሁለት ልማድ ነው የተጋጩት። እኛ ዘንድ ማሳደግ ማለት ልጁን በአደራ መያዝ ነው፤ እዚያ ግን የቀድሞው ዝምድና ይቋረጣል፣ ስሙ ይለወጣል፣ አዲስ የልደት ወረቀት ይወጣል። ሰጪዋ አደራ ሰጠሁ ስትል ተቀባዩ የራሴ አደረግሁ ይላል። ግንቦት 2003 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ የሄደች አንዲት ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ፣ በብርድና በረሃብ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ዜናው አገሩን ሁሉ አሳዘነ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚያየውን የውጭ ጉዲፈቻ ጉዳይ ወደ አምስት ዝቅ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2012 መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ የሕፃናት ፖሊሲ ፎረም አፍሪካ የዓለም አቀፍ ጉዲፈቻ አዲስ ግንባር እየሆነች መምጣቷን አስጠነቀቀ። የአፍሪካ ሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርም የውጭ ጉዲፈቻን የመጨረሻው አማራጭ ነው የሚያደርገው። ሚያዝያ 2009 የውጭ ጉዲፈቻ ታገደ፤ ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1070 የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ዘጋው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚጸናው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ቢሆንም፣ የውጭ ጉዲፈቻ መዝገቦች የሚያልፉት በአዲስ አበባው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ስለነበር እገዳው ሐረርንም ጅማንም ባሕር ዳርንም ያዘ።

በሩ ሲዘጋ ጥያቄው ወደ እኛ ዞረ። ልጆቹ አልቀነሱም። የሚያነሣቸው ማነው?

መልሱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ መንገዶች በቅደም ተከተል የተቀመጡ ናቸው። መጀመሪያ የሚሞከረው ልጁን ከወላጁ ጋር ማቆየት ወይም መልሶ ማገናኘት ነው፤ ድህነት ብቻውን ልጅን ከእናቱ መለያ ምክንያት መሆን የለበትም። ቀጥሎ ዘመድ ይጠየቃል። ዘመድ ከሌለ ለተወሰነ ጊዜ ልጁን የሚይዝ የአደራ ቤተሰብ አለ፤ ከዚያ በኋላ ለዘለቄታው የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ይመጣል። የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ሁሉም ሲያልቅ የሚደረስበት ነው።

ሐረር ላይ ልጅ ለማሳደግ የቆረጠ ሰው የሚሄደው ወደ ወረዳው ወይም ወደ ክልሉ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። በየሰፈሩ "ሕፃን አገኝልሃለሁ" የሚል ሰው ቢመጣ በሩን መዝጋት ይገባል። መሥሪያ ቤቱ የጋብቻ፣ የጤና፣ የገቢና የወንጀል ነፃ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤቱን ያያል፣ ከቤተሰቡ ጋር ያወራል፤ ቀደም ሲል የተወለዱ ልጆች ካሉም ሐሳባቸውን ይሰማል። ከዚያ የጉዲፈቻ ስምምነቱ ይጻፋል፤ ወላጆች በሕይወት ካሉ ፈቃዳቸው ይጠየቃል፣ ከሌሉ አሳዳሪው ወይም ልጁን የያዘው ተቋም ይስማማል። ስምምነቱ ፍርድ ቤት ሳያጸድቀው አይጸናም። ዳኛው የሚመዝነው የልጁን ጥቅም ነው፤ ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ልጅ ከሆነ ራሱን ይጠይቁታል። ውሳኔው በእጅ ሲገባ ወደ ቀበሌ ተወስዶ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይሰፍራል። ይህን የመጨረሻ እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለትምህርት ቤት፣ ለፓስፖርትና ለውርስ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው።

ጉዲፈቻ ከሃይማኖቱ ጋር የማይስማማለት ሙስሊም ቤተሰብም መንገድ አለው። በሸሪዓ ፍርድ ቤት አሳዳሪ ሆኖ ልጁን በከፋላ መያዝ፣ የአባቱን ስም መጠበቅ፣ በወሲያ እስከ ሲሶ መናዘዝ ይችላል። ሕፃኑ ገና ጡት የሚጠባ ከሆነና ቤቱ ውስጥ የምታጠባ ሴት ካለች የጡት ዝምድና ቤቱን ያቀልለታል። በሽማግሌ ፊት የተፈጸመ የገጠር ጉዲፈቻም ዋጋ አለው፤ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ ማስመዝገብ ግን ልጁን ከነገ ክርክር ያድነዋል።

አሳዳጊዎች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት ልጁ እውነቱን ሲያውቅ ይርቀናል ብለው ነው። የዚህ አገር ታሪክ ግን የሚያስተምረው ሌላ ነው። የመኮንን ልጅ ስሙን ይዞ በምኒልክ ቤት አደገ፤ አርባዎቹ የአርመን ልጆች ቤተ ክርስቲያናቸውን ይዘው ኢትዮጵያን አገለገሉ፤ የጉዲፈቻ ልጅም ሁለት እናት እየጠየቀ ይኖራል። የተጎዱት መነሻቸው የተደበቀባቸው ናቸው። ስለዚህ ልጁ ገና ትንሽ እያለ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ከአሳዳጊዎቹ አፍ ይስማ። ሰፈር ሳይነግረው በፊት እናቱ ትንገረው። ፎቶግራፍ፣ የመንደር ስም፣ የዘመድ አድራሻ ካለ ይቀመጥለት።

እገዳው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በሩ የተዘጋው ልጆችን ከእኛ ጋር ለማቆየት ነው። በዚያው ልክ ግን የአገር ውስጡ በር ካልተከፈተ እገዳው ልጁን በተቋም ውስጥ ከማቆየት አይዘልም። ሐረር ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ አላት፦ ከፋላን የሚያውቅ ቃዲ፣ ጉዲፈቻን የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ችግረኛን የሚያውቅ አፎቻ፣ ሕጉን የሚያውቅ ዳኛ። የቀረው እነዚህን ማገናኘት ነው። አፎቻው ወርሐዊ ስብሰባ ላይ ስለ የቲሞች ይነጋገር፤ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ አሳዳጊ ይመርቁ፤ መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን ያቅልል፤ ሊያሳድግ የሚያስብ ሰው ደግሞ ነገ ጠዋት ወረዳው ጽሕፈት ቤት ገብቶ ይጠይቅ።